ቤንዚኑን የሚበላው ፍሬን ነው

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ መኪና ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሁሉ ይሄን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። የቤት መኪና የምትነዱም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። የኔ መኪና ቪትዝ ናት። ኦቶማቲክ፣ 1.3 ሞተር። የምሠራው በስልክ ጥሪ ነው። ውሎዬ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ ነው። ሰፊ መንገድ ላይ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው።

መንግሥት ከ2014 ሐምሌ ወር ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር እንደምንም ተቋቋምነው። 2017 ታህሳስ መጨረሻ ላይ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ማታ ቤት ገብቼ ሒሳብ ስሠራ የሚተርፈኝ ለእቁብ እንኳን አይበቃም። ባለቤቴ "ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለማን ነው የምትሠራው?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። መኪናዋን የገዛሁት ከዘመድ ተበድሬ ነው፤ መሸጥ አይታሰብም። የነዳጁን ዋጋ እኔ አልወስነው፣ ታሪፉን እኔ አላወጣው። በኔ እጅ ያለው አነዳዴ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት መለካት ነው። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ሹፌር ሲገናኝ "ያንተ በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ይባባላል፣ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። ማደያ ገብታችሁ ሙሉ አስሞሉ። መቅጃው ራሱ "ቀጭ" ብሎ ሲቆም በቃ በሉ፣ ከዚያ በላይ አታስጨምሩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ማደያ እንደገና ሙሉ አስሞልታችሁ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። ሊትሩን ከረሳችሁት በስልክ የከፈላችሁበት መልእክት አለ። ብሩን በሊትሩ ዋጋ ስታካፍሉ ይወጣል። ለኔ መጀመሪያ የወጣልኝ ቁጥር በሊትር ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነበር። ለቪትዝ በጣም ትንሽ ነው።

ከዚያ መንስኤውን ፍለጋ ገባሁ። ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ነገር የተለያየ ነው። አንዱ ካንዴላ ቀይር ይላል፣ አንዱ የነዳጁ ጥራት ነው ይላል፣ አንዱ ነዳጅ ይቆጥባል የተባለ ዕቃ ሊሸጥልኝ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከቱቦ ጋር የሚታሰረውም፣ ታንከር ውስጥ የሚጨመረውም፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውም ብራችሁን ከመውሰድ አልፎ የሚረባ ነገር የለውም። በውጭ አገር ብዙ ዓይነቱ ተፈትሾ ጥቅም የተገኘበት እጅግ ጥቂቱ ነው። ያንን ብር ቤንዚን ቅዱበት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከአራት ኪሎ አንዲት እናት ስጭን ነው። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር የሚሄዱት። ልጃቸው እዚያ ተኝታለች። ሙሉ አጥሚት ያለበት ድስት በሻሽ አስረው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። ገና ከመግባታቸው "ልጄ፣ ቀስ አርገህ ውሰደኝ፤ ይሄ ከፈሰሰ ሌላ የለኝም" አሉኝ። "እሺ እማማ" አልኳቸው። እውነትም እንዳይፈስ አድርጌ ነዳሁ። ስነሳ ነዳጁን የምነካው በጣም በቀስታ ነው። ፊት ለፊቴ ያለው መኪና የፍሬኑ መብራት ሲበራ ገና ከሩቅ እግሬን አነሳለሁ። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና ስወርድ ዓይኔ ከመንገዱ አልተነሳም። ቀጥሎ የሚሆነውን ቀድሜ ካላየሁ አጥሚቱ ይፈሳላ! ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ ሻሹ ደረቅ ነበር። መርቀውኝ ሄዱ።

ኳድሮዬ ላይ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) በአማካይ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ የሚያሳይ ቁጥር አለ። እሳቸውን ስጭን ዜሮ አድርጌው ነበር። በዚያ መንገድ ያንን የሚያህል ቁጥር አይቼ አላውቅም። መንገዱ የሚያመዝነው ወደ ታች ስለሆነ ግን ወዲያው አላመንኩትም። በሚቀጥሉት ቀናት ያንኑ መንገድ በፊት በምነዳበት አነዳድና ድስት እንደያዘ ሰው አድርጌ እያቀያየርኩ ሄድኩበት። ልዩነቱ እዚያው ነበር። የደረስኩበት ሰዓት ግን ያው ነው። መሀል ከተማ ውስጥ ጉዟችንን የሚወስነው ቀጣዩ መብራትና ሰልፍ እንጂ የምንነሳበት ኃይል አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ሁላችንም ቤንዚን የሚባክነው ነዳጅ ስንረግጥ ይመስለናል። የሚባክነው ግን ፍሬን ስንይዝ ነው። ነዳጁ ለመኪናው ፍጥነት ሰጠ። ያ ፍጥነት ካልተያዘ ይወስዳችኋል። ፍሬን ስትይዙ ግን ፍጥነቱ ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ቤንዚኑም አብሮ ሄደ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ ትንሽ መኪና ቆማ እንደገና 50 ለመድረስ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ ቤንዚን ትፈልጋለች። በዛሬ ዋጋ ከ1 ብር በላይ ነው። እንግዲህ በቀን ስንት ጊዜ በከንቱ ፍሬን እንደምንይዝ አስቡት። በከተማ ቁም ሂድ መንገድ ላይ በኃይል እየተነሱና በኃይል እያቆሙ መንዳት በሊትር የሚኬደውን ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊያወርድ እንደሚችል የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለአሽከርካሪዎች ያወጣው መረጃ ይናገራል። የኔም ልዩነት እዚያው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዋናው ትምህርት ዓይን ነው፣ እግር አይደለም። ፊት ለፊታችሁ ያለውን መኪና ብቻ አትዩ። ከሱ ፊት ያሉትን ሁለት ሦስት መኪኖች እዩ። ታክሲው ረዳቱ በሩን ይዞ ወደ ውጭ ከዘነበለ ሊቆም ነው። እግረኛው ዜብራው ጫፍ ላይ ከደረሰ ሊሻገር ነው። ቀሪ ሰከንድ የሚቆጥር መብራት ካለ ከሩቅ አንብቡት። ለቀይ አራት ሰከንድ ቀርቶት እናንተ ሩቅ ከሆናችሁ መሮጥ ትርፍ የለውም። እግራችሁን አንሱና መኪናው ራሱ እየቀዘቀዘ ይድረስ። ብዙ ጊዜ ሳትቆሙ አረንጓዴው ይይዛችኋል። ከቆመ መኪና መነሳት በጣም ብዙ ነዳጅ ይወስዳል፣ በትንሹም ቢሆን እየተንቀሳቀሰ ያለን መኪና ማፍጠን ግን ቀላል ነው።

ይሄን ስናገር ሹፌሮች ሁሌም አንድ ነገር ይመልሱልኛል። "ክፍተት ከተውክ ሚኒባስ ይገባልሃል!" እውነት ነው፣ ይገባል። ይግባ። ከፊቴ አንድ መኪና ሲገባ የማጣው የአንድ መኪና ርዝመት ነው። እሱን ላለማስገባት ተጠግቼ ስሄድ ግን እሱ በነካ ቁጥር እኔም ፍሬን እይዛለሁ፣ እኔም እንደገና እነሳለሁ። የሱን ፍሬን እኔ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው። ክላክስ ቢያደርጉባችሁም አትናደዱ። መንገድ እስካልዘጋችሁ ድረስ ማንንም አልበደላችሁም። መንገድ መዝጋት ግን ሌላ ነው። ቁጠባ ተብሎ ከኋላ ያለውን ሰው እንዳታግዱ።

አሁን ወደ ቸርችል ጎዳና ልመልሳችሁ፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ራሱን ለአደጋ ሲያጋልጥ አያለሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ እስከ ለገሃር ቁልቁለት ነው። ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሞልቷል። ጭራሽ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አለ። አንድ የማከብራቸው የላዳ ሹፌር፣ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ "እኔ በዚህ ነው ልጆች ያሳደግኩት" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እንደ ላዳ ባለ የድሮ የካርቡራተር መኪና ላይ እግራችሁን ብታነሱም ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ካርቡራተሩ በአብዛኛው ቤንዚን መስጠቱን አያቆምም። ፎሌው የሆነ ነገር ያተርፍላቸው ነበር።

ነዳጁን በኮምፒውተር እየመጠነ በሚረጭ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። መካኒኬ ኮፈኑን ከፍቶ ነው ያስረዳኝ። መኪናው ማርሽ ላይ እያለ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ኮምፒውተሩ ይሄን ሲያይ የኢንጀክተሮቹን ነዳጅ ይዘጋል። የሚቃጠል ቤንዚን የለም፣ ዜሮ ነው። የሞተሩ ዙር ወርዶ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም መኪና ቆሞ ሞተሩ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ሲጠጋ ብቻ መልሶ ይከፍታል። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ ከጎማው ይለያያል። እንዳይጠፋ በሚኒሞ መዞር አለበት፣ ለዚህም ቤንዚን ይበላል። እንግዲህ ለመቆጠብ ብላችሁ ያደረጋችሁት ነገር ያስወጣችኋል ማለት ነው። በላዩ ላይ መኪናውን የሚይዘው የሞተሩ ጉልበት ስለሌለ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል።

ሞተር ማጥፋትማ ከዚህም የከፋ ነው። የፍሬኑ ማገዣ ከሞተሩ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ሞተሩ ከጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ ይይዝላችሁና ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ሙሉ ለሙሉ ከነቀላችሁት ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ታች ፖስታ ቤት አካባቢ ሰው እየተሻገረ ነው። እባካችሁ፣ ለጥቂት ሳንቲም ብላችሁ ይሄን አታድርጉ። ማርሽ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን አንሱና ውረዱ። ማንዋል ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ያዙት። ኦቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ ይሁን፣ ቁልቁለቱ ከጠነከረ ዝቅ ወዳለው ማርሽ አውርዱት።

ዳገቱስ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። መኪናችሁ ዳገት ላይ የምታቃስተው ታማ ላይሆን ይችላል። ሰው ሲያቃስትበት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ ኦቶማቲኩም ማርሹን ዝቅ አድርጎ ይጮኻል። እንዲያውም አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ፣ መንገዱ ሌላ ሳይቆጠር፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠይቃል። ይሄን ማንም አያስቀርላችሁም። ከታች ወደ ፒያሳ በየትኛውም መንገድ ብትወጡ ከፍታው ያው ነው፣ ትከፍሉታላችሁ። ሁለቴ አትክፈሉት ነው የምለው። ዳገት መሀል ላይ መቆምና መነሳት ነው ሁለተኛው ክፍያ። ስለዚህ የምመርጠው አጭሩን መንገድ ሳይሆን ዳገቱ ላይ የማልቆምበትን ነው። ከዳገቱ በፊት ሜዳው ላይ ትንሽ ፍጥነት አጠራቅማለሁ። ዳገቱ ላይ እግሬን ባለበት ይዤ መኪናዋ በትንሹ እንድትቀዘቅዝ እፈቅድላታለሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ አልረግጥም፣ ቁልቁለቱ ራሱ ያፈጥናታል።

ማንዋል የምትነዱ፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ሞተሩ እስኪጮህ አትጠብቁ። ግን ደግሞ ከፍ ባለ ማርሽ ዳገት ላይ እያንቀጠቀጣችሁ አታውጡት። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መኪና ይዞ መቆምም ልማድ ሆኗል። ነዳጅም ይበላል፣ ፍሪሲዮኑንም ያቃጥላል። የእጅ ፍሬን ያዙ።

ቀጥሎ ያስገረመኝ ቆሞ መጠበቅ ነው። ትንሽ ሞተር በሚኒሞ ቆሞ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። ኤሲ ካለ ይጨምራል። ደንበኛ ደውሎ "ደርሻለሁ፣ እየወረድኩ ነው" ሲል ያለው ጊዜ፣ ካዛንቺስ ሕንፃ ሥር ሬዲዮ ከፍቶ መጠበቅ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስቶ መቀመጥ፣ ሁሉም ሲደመር ብዙ ነው። አሁን ዳር ይዤ ከቆምኩ አጠፋለሁ። የአሁን መኪና ለማስነሳት የሚወስደው ነዳጅ ከአሥር ሰከንድ ሚኒሞ አይበልጥም ይባላል። ባትሪያችሁና ሞተሪኖአችሁ ደካማ ከሆኑ ግን መጀመሪያ እነሱን አስተካክሉ። በየደቂቃው የሚንቀሳቀስ ሰልፍ ውስጥ ወይም ዳገት ላይ ደግሞ አታጥፉ።

ጠዋትም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ሰውም ሞተር አስነስቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርስ ይበላል። ኢንጀክሽን ሞተር ይሄን አይፈልግም። ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ በቂው ነው። ከዚያ በቀስታ መንዳት ነው ቶሎ የሚያሞቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነዳጅ ስለሚወስድ ትንንሽ ጉዳዮችን በአንድ ዙር ጨርሱ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ከመዞርም አንዱ ቦታ አቁሞ በእግር መሄድ ይሻላል። መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ማቆሚያ ለስታዲየምም ለለገሃርም ይሆናል።

አነዳዴን ካስተካከልኩ በኋላ ነው ወደ ጋራዥ የሄድኩት። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከእግሩ የሚመጣውንና ከመኪናው የሚመጣውን ለመለየት ይቀላል። አንድ ነገር እቤታችሁ ሆናችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ትንሽ ነድታችሁ፣ ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ቁሙና እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ። አትንኩት፣ አስጠጉት ብቻ። የኔ የኋላ ግራው ከሌሎቹ ተለይቶ እሳት ነበር። ፍሬኑ ነክሶ ይዞ ነበር። ለካ መኪናዋ ፍሬን እንደተያዘ ነው ስትሄድ የከረመችው። ተፈታ፣ ተጸዳ፣ ተቀባ፣ አለቀ።

ጎማ ደግሞ ችላ አትበሉ። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ "ስንት ልንፋ?" ይላችኋል፣ ካልመለሳችሁ በዓይኑ ገምቶ ነው የሚነፋው። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ጎኑ ላይ ተለጥፏል። የራሳችሁን መለኪያ ግዙ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ከተጻፈው በላይ አታስነፉ፣ ክረምት ላይ ያንሸራትታችኋል። ዘይትም መመሪያው ያለውን ቁጥር ይሁን። ወፍራም ዘይት ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚል ልማድ አለ፣ ለአዳዲሶቹ ሞተሮች ግን ይከብዳል። የአየር ፊልትሮ መቀየር ጥሩ ነው፣ ለሞተሩ ጤና። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብላችሁ ግን ብዙ አትጠብቁ። የኋላ ኮፈን ውስጥ የተሸከማችሁትን አላስፈላጊ ዕቃም አውርዱ። ባዶ ፖርቶመጋላም ካለ ፍቱት።

አሁን በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነኝ። ክረምት ላይ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ትንሽ ይወርዳል፣ እሁድ ይወጣል። ባለቤቴ ማታ ሒሳቡን አብራኝ ታየዋለች፣ እቁቡም በጊዜው ይገባል።

መለካቱን አላቆምኩም፣ እናንተም አታቁሙ። በየወሩ አንዴ ሙሉ አስሞልታችሁ ጻፉት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ እግራችሁ ወደ ድሮው እየተመለሰ ነው። በአንድ ጊዜ ዱብ ካለ ግን መኪናው ላይ ነው። መጀመሪያ ጎማና የነከሰ ፍሬን እዩ፣ እነሱ በነፃ የሚታዩ ናቸው። ከዚያ ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው)፣ ካንዴላና የኦክስጅን ሴንሰር ይታይልኝ በሉ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ወይም ሞተሩ ሲግል "ለሙቀት" ተብሎ ተነስቶ ከሆነ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ መስሎት ቤንዚን ያበዛል። አሮጌ መኪና ከገዛችሁ መካኒኩን "ቴርሞስታት አላት?" ብላችሁ ጠይቁት። የሌላቸው አሉ።